«ፖምፓው ነው» ከመባሉ በፊት፦ የድሮ ናፍጣ ፒካፕ የነዳጅ ችግርን ከታንክ ጀምሮ መፈተሻ

የድሮ ናፍጣ ፒካፕ ጠዋት አልነሳ ሲል ወይም ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው። «ፖምፓው ነው።» ከዚያ ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ይወርዳል፣ መርካቶ ይሄዳል፣ ብዙ ብር ይወጣበታል፣ ተመልሶ ይታሰራል። መኪናው ግን ያው ነው። ለምን ቢባል፣ ችግሩ ከመጀመሪያውም የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም ውኃ የሞላው ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ነበር።

ፖምፓ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ፍተሻው ከታንክ ይጀምራል፣ ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል፣ ርካሹ ሳያልቅ ውዱ አይነካም። ይህን የምጽፈው ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን አካባቢ በእነዚህ መኪኖች ወተት፣ አትክልት፣ ብሎኬት እየጫናችሁ ለምትኖሩ ነው። መኪናው አንድ ቀን ቆመ ማለት የዚያ ቀን ገቢ የለም ማለት ነው። ፖምፓ ያለ ምክንያት ወረደ ማለት ደግሞ የወሩም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሞተሩን እወቁ

ይህ መመሪያ በመካኒካል ፖምፓ ለሚሠሩ የድሮ ሞተሮች ነው። ለምሳሌ ቶዮታ ሃይሉክስ ከ2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ ከ3ኤል (2,779 ሲሲ) ወይም ከ5ኤል (2,986 ሲሲ) ሞተር ጋር፣ ላንድክሩዘር ፒካፕ ከ1ኤችዜድ ጋር፣ የድሮው ሚትሱቢሺ ኤል200 ከ4ዲ56 ጋር። መኪናችሁ ኮመን ሬይል ከሆነ፣ ማለትም እንደ አዳዲሶቹ ዲ4ዲ ሃይሉክሶች በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነ፣ የታንኩና የፊልትሮው ክፍል ይጠቅማችኋል። የኢንጄክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) ቱቦ ስለማላላት የምጽፈውን ግን እንዳትሞክሩት። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል፤ እጅ ይበሳል።

አሁን አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፤ ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በአብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው፣ ውስጡ ባለች ትንሽ መሳቢያ። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በሙሉ የሚሠራው በመሳብ ነው። የሚስብ ቱቦ ሲቀደድ ናፍጣ ወደ ውጭ አይረጭም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ ጠብታ ብትፈልጉ ምንም የማታገኙት፣ መኪናው ግን በየጠዋቱ የሚያስቸግራችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ ሁለት ሽቦ 12 ቮልት የመፈተሻ መብራት፣ ንጹህ ጨርቅ፣ አዳዲስ ፋሼታዎች (የቱቦ ማሰሪያዎች)። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ያዙ። በደንብ የታጠበና የደረቀ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከንጹህ ናፍጣ ጋር። ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ግን ሁለት ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ስትገዙ የአሮጌውን ናፍጣ ቱቦ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና በልኩ ቁረጡ። ዋጋው ከአንድ ቁርስ ብዙ አይበልጥም፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

መነጽር አድርጉ። ሲጋራ አይኑር። ከኢንጄክተር ጫፍ ወይም ከቀጭኑ የብረት ቱቦ የሚወጣ ናፍጣ ከ100 ባር በላይ ግፊት አለው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። እጃችሁን በፍጹም ከፊቱ አታድርጉ። ከገባ ደግሞ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢሆንም፣ ባያምም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። «ነገ አየዋለሁ» የሚባልበት ነገር አይደለም፤ ሰው ጣቱን ያጣል።

ደረጃ 1፦ ጭሱን እዩ

ምንም ሳትፈቱ አንድ ሰው ቁልፉን ይምታ፣ እናንተ ከኋላ ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) ጋ ቁሙ።

ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ እያዞረ ጭስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣ ሞተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር፣ ወይም ፖምፓው ላይ ባለችው የማጥፊያ ሶሌኖይድ ነው። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልነሳ ናፍጣ እየደረሰ ነው፤ የማይቃጠለው ማሞቂያ ካንዴላው ስለሞተ፣ አየር ስለተቀላቀለበት፣ ታይሚንጉ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ስለተዛባ ወይም ሞተሩ ኮምፕረሽን (አየሩን የመጨመቅ አቅም) ስላጣ ይሆናል። ተነስቶ ጥቁር ጭስ ካበዛ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ያ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ሞተሪኖው እየጎተተ፣ በግድ የሚያዞር ከሆነ ግን እዚሁ ቁሙ። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩን በፍጥነት ጨምቆ ሲያግለው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሱሉልታ ላይ ባትሪ ደከመ ማለት መኪናው አይነሳም ማለት ነው። የባትሪውን ጫፎች አጽዱ፣ አጥብቁ፣ ባትሪውን ቻርጅ አስደርጉ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

ደረጃ 2፦ ሶሌኖይዷ

ጭስ ከሌለ ይህን ቶሎ አጣሩ። ፖምፓው ጀርባ ላይ፣ ቀጫጭኖቹ የብረት ቱቦዎች በሚወጡበት አጠገብ፣ አንድ ሽቦ የሚገባባት ትንሽ ክብ ነገር አለች። ቁልፉ ሲከፈት ለናፍጣ በር ትከፍታለች፣ ሲዘጋ ትዘጋለች። ቁልፉን ክፈቱ (ሞተሪኖውን ሳትመቱ)፣ ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። ካልተሰማ የመፈተሻ መብራቱን አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። መብራቱ ካልበራ ፊውዝ ወይም ሽቦ ነው። በርቶ ሶሌኖይዷ ዝም ካለች ራሷ ሞታለች፤ እሷን መቀየር ፖምፓ ማውረድ አይጠይቅም።

መንገድ ላይ ከቀራችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ አንድ ሽቦ ስባችሁ ወደ ሶሌኖይዷ ብትሰጡ ቤት ትገባላችሁ። ግን ያኔ ሞተሩን የምታጠፉት ሽቦውን በመንቀል ነው፤ በቁልፍ አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ ታንኩ

ጌጁን አትመኑ። የአሮጌ መኪና ጌጅ ሩብ እያለ ታንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ቀስ በቀስ ጉልበት እያጣ የሚጠፋ፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ ከሆነ፣ ልክ ሲጠፋ ወርዳችሁ የታንኩን (የሳልባትዮውን) ክዳን ክፈቱ። «ፍስስስ» ብሎ አየር ከሳበ አገኛችሁት። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፤ ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር የሚገባበት የለም። ክዳኑን አጥባችሁ መተንፈሻውን ክፈቱ ወይም ቀይሩት። ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክና በጨርቅ የታሰረ ፒካፕ በከተማው ዳር ብዙ አያለሁ። ላስቲኩ ደፍኖ ይይዛል፣ ጨርቁ አቧራና የዝናብ ውኃ ያስገባል። እባካችሁ ክዳን ግዙ።

ሁለተኛው የታንክ ችግር ቆሻሻ ነው። ናፍጣችን ከጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በቦቴ ተጉዞ ይመጣል። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ደግሞ ብዙ ሰው በጀሪካን የሚሸጠውን ይገዛል። ያ ጀሪካን ትናንት ምን ተቀድቶበት እንደነበር ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ካደረ፣ የሌሊቱ ብርድ ባዶው ክፍል ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ውኃ ይቀይረዋል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ታንኩን ያዝገዋል፣ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታም ጥቁር የሚያሟልጭ አተላ ይበቅላል። ያ አተላ መሳቢያው አፍ ላይ ሲለጠፍ መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ትንፋሹ ይቆረጣል። ስትቆሙ አተላው ይለቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይደግመዋል።

መፍትሔው ጎሚስታ ቤት አለ። ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ሲደርስ ንቀሉት። የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ከዚያ የጎሚስታው አየር በቀስታ ወደ ኋላ፣ ወደ ታንኩ ይነፋ። ታንኩ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል መሰማት አለበት። ቱቦውን ሳትነቅሉ በፍጹም አትንፉ፤ ቆሻሻው ወደ ፖምፓው ይገባል። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው፣ ቆሻሻውን መልሳችሁ ታንክ ውስጥ ነው የከተታችሁት። ጊዜ ስታገኙ የታንኩን የታች ብሎን ፈታችሁ ናፍጣውን አውጡ፣ ካስፈለገ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። ቀዳዳ ካለውና የሚበየድ ከሆነ ደግሞ በደንብ ሳይታጠብና ጋዙ ሳይወጣለት እሳት የሚያስጠጋ በያጅ ጋ አትስጡ። ባዶ የነዳጅ ታንክ ይፈነዳል።

ደረጃ 4፦ ፊልትሮውና ውኃው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከሚያጋጥሙ ችግሮች ብዙው እዚህ ያልቃል።

ፊልትሮው ሥር በእጅ የሚፈታ የውኃ ማፍሰሻ አለ። ሃይላንዱን አፉን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ከሥሩ ያዙ፣ ማፍሰሻውን አላሉ፣ ከላይ የእጅ ፓምፑን ጥቂት ጊዜ ተጫኑ። የወጣውን ወዲያው አትድፉት። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡትና አንድ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ንጹህ ናፍጣ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ነው፣ ያሳልፋል። ውኃ ካለ ከታች ሌላ ንብርብር ታያላችሁ፣ በሁለቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር ይኖራል፤ ጠርሙሱን ስታዘነብሉ መስመሩ አብሮ ይዘነብላል። ታች ላይ ቡናማ ደቃቅ ነገር ካለ የታንክ ዝገት ነው። ጥቁር ዝልግልግ ካለ ያ የነገርኳችሁ አተላ ነው። ይህ ጠርሙስ መካኒኩ ከሚነግራችሁ በላይ ይነግራችኋል። መካኒክ ጋ ከሄዳችሁም ይዛችሁት ሂዱ።

ውኃ ብቻ ከሆነ ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍሱ። ዝገት ወይም አተላ ካለ ፊልትሮው ይቀየር፣ ታንኩም ይታጠብ። አንዱን ያለ ሌላው ማድረግ አዲሱን ፊልትሮ ማቃጠል ነው።

ፊልትሮ ስትቀይሩ አዲሱን በንጹህ ናፍጣ ሙሉት፣ የጎማ ቀለበቱን ናፍጣ ቀቡት፣ በእጅ አጥብቁ። አሮጌው ቀለበት ከላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ አረጋግጡ፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ አየር ይስባል። የውኃ ማፍሰሻው የታች ክፍል ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚዛወር ከሆነ የእሱም ቀለበት አዲስ ይሁን። ስትገዙ ሶማሌ ተራ ያለው ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም፣ ይህን ታውቃላችሁ። ማሸጊያው ያማረ ሆኖ ጎማው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ከሆነ ተዉት። በእኛ አቧራና በእኛ ናፍጣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ብልህነት ነው፣ ውኃውን ደግሞ በየሳምንቱ ማፍሰስ። በክረምት በተለይ።

ደረጃ 5፦ አየር የሚስብበትን ቦታ ማግኘት

ምልክቱ ይህ ነው። ጠዋት ወዲያው ይነሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሠራና ይጠፋል። ከዚያ ብዙ ካልመታችሁት አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው። ሌሊት አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንክ ተመልሷል ማለት ነው።

ምንም ሳትፈቱ የምታጣሩበት መንገድ አለ። አንድ ሌሊት መኪናውን አፍንጫው ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ አሳድሩት፤ በሚቀጥለው ሌሊት አፍንጫው ወደ ዳገት። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ እንጂ በፍሬን ብቻ አትተዉት። ወደ ቁልቁለት ሲያድር ጠዋት ወዲያው ከተነሳና ወደ ዳገት ሲያድር ካስቸገረ፣ ነገሩ አየር ነው። ወደ ቁልቁለት ሲያድር ታንኩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ወደ ኋላ አይመለስም።

አሁን ነጩ ቱቦ ይምጣ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ ቱቦ አውጥታችሁ በነጩ ተኩ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ አጥብቁ። ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ የሚያልፈውን አየር ተዉት። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላም እንደ ዶቃ የተደረደሩ አረፋዎች እያለፉ ከሆነ፣ በተለይ ነዳጅ ስትሰጡት ከበዙ፣ አየር አለ። ቀጥሎ ነጩን ቱቦ ከፊልትሮው በፊት፣ ከታንክ በሚመጣው መስመር ላይ አድርጉ። እዚያም አረፋ ካለ ቀዳዳው ከኋላ ነው፣ በታንክና በፊልትሮ መሃል። እዚያ ንጹህ ሆኖ ከፊልትሮ በኋላ ከሆነ አረፋው ያለው፣ ጥፋተኛው ፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ወይም የጎማ ቀለበቱ ነው። የእጅ ፓምፑ አናት እርጥብ ከሆነ ወይም አቧራ ከተለጠፈበት ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል።

ነጩ ቱቦ አረፋ ሳያሳይ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን እየተጠበበ የሚጣበቅ ከሆነ ያ አየር አይደለም፣ መዘጋት ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ቀዳዳ የሚበዛባቸው ቦታዎች፦ ታንኩ አናት ላይ ያሉት አጫጭር ጎማ ቱቦዎች (ማንም አያያቸውም፣ ስለዚህ ከሁሉ ያረጁ ናቸው)፣ የብረቱ ቱቦ ከሻሲው ጋር የሚፋተግበት፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ፋሼታ የቆረጠው ቦታ። ጎማ ቱቦውን እጠፉትና እዩ። ደቃቅ ስንጥቅ ካሳየ ጣሉት። በላስቲክ መጠቅለል አይሠራም፤ ከውጭ የሚገባን አየር ላስቲክ አያቆመውም። ተራ የውኃ ቱቦም አታድርጉ፣ ናፍጣ ያለሰልሰዋል። ነጩም ቱቦ ለፈተና ብቻ ነው፣ ሲጨርስ ይውጣ።

ደረጃ 6፦ የጀሪካን ፈተና

ፖምፓችሁን ከመውረድ የሚያድነው ይህ ነው። መካኒኩ ቁልፍ ሲያነሳ «ወንድሜ፣ ከማውረድህ በፊት ከጀሪካን እንሞክረው» በሉት። ጥሩ መካኒክ ደስ ይለዋል። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ንጹህ ናፍጣ የያዘውን ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ቦታ፣ ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ በገመድ እሰሩት። ወደ ፖምፓው የሚገባውን መስመር ነቅላችሁ በነጩ ቱቦ በቀጥታ ከጀሪካኑ ስጡት። ከፖምፓው የሚመለሰውን ትርፍ ናፍጣም ወደዚያው ጀሪካን መልሱት፤ አለዚያ ጀሪካኑ ቶሎ ወደ ታንኩ ይገለበጣል። አየሩን አውጡና (አወጣጡ ቀጥሎ አለ) አስነሱ።

አሁን ሞተሩ በቀላሉ ከተነሳ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ተረጋግቶ ከቆመ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሳያንቀው ከወጣ፣ ፖምፓውም ኢንጄክተሩም ነጻ ናቸው። ችግሩ ከኋላ ነው፤ ከደረጃ 3 እስከ 5 እንደገና ሂዱ። ከጀሪካንም ያው ጠባዩን ካሳየ ታንኩና ቱቦው ነጻ ናቸው፣ ወደ ፊት እንቀጥላለን። በአንድ ፈተና ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ አወጣችሁት።

አየር ማውጣት

ናፍጣ ባለቀ፣ ፊልትሮ በተቀየረ ወይም ቱቦ በተፈታ ቁጥር ይህ ይደረጋል። የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫኑ። ቶሎ ከጠነከረ መስመሩ ሙሉ ነው። መቶ ጊዜ ተጭናችሁም ለስላሳ ከሆነ ወይ ናፍጣ የለም ወይ አየር እየሳበ ነው።

ከዚያ ኢንጄክተሮቹ አናት ላይ ካሉት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የሁለቱን ዳዶ (የቱቦውን ማጥበቂያ) በ17 ቁልፍ በግማሽ ዙር አላሉ፣ ጨርቅ ጣል አድርጉባቸው። ረዳታችሁ ሞተሪኖውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይምታ፣ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፍ፣ ይድገም። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ንጹህ ናፍጣ ይንጠባጠባል። ያኔ አጥብቁ። ሞተሩ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ይነሳል።

እባካችሁ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ አታድርጉ፣ የማስነሻ ስፕሬይም አትርጩ። ማሞቂያ ካንዴላው ግሎ ከተገናኙ ይፈነዳል፤ ፋሻና ፒስተን ይሰብራል። ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ናፍጣ ሳይሆን ስለ ሞተር እድሳት ነው።

ማሞቂያ ካንዴላ

ጠዋት ብቻ ነጭ ጭስ አብዝቶ የሚያስቸግር፣ ሞቆ ግን በአንድ ምት የሚነሳ ከሆነ እነዚህን እዩ። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት አውጡ። የመፈተሻ መብራቱን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አድርጋችሁ በሌላው ጫፍ የእያንዳንዱን ካንዴላ አናት ንኩ። መብራቱ ደምቆ ከበራ ካንዴላው አልተቋረጠም፣ ካልበራ ሞቷል። የ12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ እየሰጣችሁ አታቆዩ፤ አንዳንዶቹ የተሠሩት ለዝቅተኛ ቮልት ነው፣ ይቃጠላሉ።

ኢንጄክተሮች

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በሚኒሞ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያንኳኳ ከሆነ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ እንፈልግ። ሞተሩ እየሠራ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ፣ የአንዱን ኢንጄክተር ዳዶ ትንሽ አላሉ። ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። አጥብቁና ወደሚቀጥለው ሂዱ። ስታላሉት ምንም ለውጥ ያላመጣው፣ እሱ ነው። ማንኳኳቱ ስታላሉት ከጠፋ ደግሞ ያ ኢንጄክተር እያንጠባጠበ ነው።

ሁሉንም አውጥታችሁ መፈተሻ ማሽን ያለው ቤት ውሰዱ። ሲፈተሹ አጠገቡ ቁሙ። ጥሩ ኢንጄክተር ጉም የመሰለ እርጭት ይረጫል፣ ሲቆም ጫፉ ደረቅ ነው። እንደ ሽንት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ወይም ጫፉ ላይ ጠብታ የሚያንጠለጥል ከሆነ ኖዝሉ ይቀየር። ሲመለሱ ከሥር ያሉት ሮንዴላዎች (ክብ ማሸጊያ ቀለበቶች) አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌውን ሮንዴላ መመለስ ጭስ እንዲያሾልክ መጋበዝ ነው። ከኢንጄክተር ወደ ኢንጄክተር ያሉት የትርፍ ናፍጣ መመለሻ ቱቦዎችም ከተሰነጠቁ በዚያው ይቀየሩ፣ እነሱም አየር ያስገባሉ።

ጥቁር ጭስና የፖምፓ ብሎን

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የተጫነ የድሮ ፒካፕ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ማሳየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ከሆነ ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። በኮረኮንች የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ናፍጣውን የሚያቃጥል አየር ከየት ይመጣል?

«ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መጠን ብሎን የሚያዞር አለ። አይሁን። አየሩ ካልጨመረ ናፍጣ መጨመር ጭስና ሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ይሰነጥቃል። የኤል ሞተሮች (2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል) ቴስታታ ደግሞ ሙቀት ላይ ብዙ አይታገሥም።

አሁን ፖምፓው

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ከሆነ ፖምፓውን ለመጠርጠር መብት አላችሁ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ናፍጣ የሚገባበትና ትርፉ የሚወጣበት መሃላቸው ክፍት የሆኑ ብሎኖች አሉ። የሚወጣበት አናቱ ላይ «አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ ውስጡም በጣም ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሰው ሲፈታ ሁለቱን ካቀያየራቸው ፖምፓው በቂ ናፍጣ አያገኝም፤ መኪናው ጉልበት ያጣል። ከጋራዥ እንደተመለሰ ለተበላሸ መኪና መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሁለተኛ፣ በኤል ሞተሮች ፖምፓውን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ሲቀየር አንድ ጥርስ ከዘለለ ነጭ ጭስ፣ ማንኳኳትና ጉልበት ማጣት ይመጣል። ምልክቶቹ መግጠማቸውን አረጋግጡ።

የእውነት ያለቀ ፖምፓ ምልክት አለው። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ ሞቆ ሲጠፋ ግን በጭራሽ አይነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል። የጋለ ናፍጣ ይቀጥናል፣ በተበላው ፖምፓ ውስጥ ሾልኮ ግፊት አይፈጥርም። ሞቆ እምቢ ሲል በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ውኃ በቀጥታ አትድፉበት። በዚህ ከተነሳ የፖምፓው ጭንቅላት አልቋል፤ አሁን ማውረዱ ተገቢ ነው። ከፖምፓው አካል ወይም ከነዳጅ መስጫው ዘንግ ናፍጣ እያንጠባጠበ ከሆነ ግን የጎማ ማሸጊያ ብቻ ቢቀየር ሊበቃው ይችላል፤ ሙሉ እድሳት አይደለም።

ከማውረዳችሁ በፊት ፖምፓው ከሞተሩ ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በሹል ነገር ጭራችሁ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶም አንሱ። የክፍት ቱቦዎቹን ጫፍ ሁሉ በንጹህ ላስቲክ ድፈኑ። ፖምፓ ሠሪው ያወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ተሠርቶ ሲያልቅም ማሽኑ ላይ ሲለካ ቆማችሁ እዩ። እና ታጥቦ ያላለቀ ታንክና አሮጌ ፊልትሮ ባለበት መኪና ላይ የታደሰ ፖምፓ አታሳስሩ። መጀመሪያ ታንኩ ይታጠብ፣ አዲስ ፊልትሮ ይግባ፣ ከሃይላንዱ ንጹህ ናፍጣ ይታይ፤ ከዚያ ፖምፓው ይታሰር።